ኤርሲሊያ ሙሽራ አልነበረችም

መርከብ በሚገባበት ቀን ኦንዲና ዌብስተርን እግሯ አላስቀምጥ ይላታል። ገና ሳይነጋ ትነሳለች፤ የጠረገችውን በረንዳ መልሳ ትጠርጋለች፤ የላይኛውን መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። ቁርሷ ሳህኑ ላይ ይቀዘቅዛል። የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፣ ጉልበቷም ደክሟል፤ ግን ዊልኪን መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ዕረፍት የላትም።

ዊልኪን አስጎብኚ ነው። ከመርከብ የወረዱትን ቱሪስቶች እንደ ዳክዬ ጫጩት አስከትሎ ጃንጥላ ከላዩ ከተሰቀለበት መንገድ ይታጠፍና ረፋዱ ላይ ከአጥሯ ሥር ይቆማል። እንደሷ ቤት ከእንጨት የተሠራ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ አሮጌ ቤት ፖርቶ ፕላታ ከተማ ውስጥ ሞልቷል፤ ዊልኪን ግን ታሪክ የሰጠው ለእሷ ቤት ነው። እዚያ የኖረችን የአንዲት ሴት ስም ከጎረቤት ሰማ፣ የቀረውን ከራሱ ጨመረበት።

«ያችን መስኮት ተመልከቱ» ይላል በእንግሊዝኛ። «ኤርሲሊያ የምትባል ቆንጆ እዚያ ተቀምጣ አንድ የመርከብ አዛዥ አርባ ዓመት ጠበቀች። የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ሞተች።»

ቱሪስቶቹ መስኮቱን ፎቶ ለማንሳት ስልካቸውን ያወጣሉ። የኦንዲና አያት እንግሊዞች ከሚገዙት ደሴት ተሻግሮ የመጣ አናጢ ስለነበር እንግሊዝኛ መናገሩ ባይሆንላትም መስማቱ አያቅታትም። ከመስኮቱ ጀርባ ቆማ አንድም ቃል አያመልጣትም።

ኤርሲሊያ አክስቷ ናት፣ የአባቷ እህት። ሙሽራ ሆና አታውቅም። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ ጣቢያው ውስጥ ቲኬት ስትቆርጥ ኖረች፤ ባቡሩ ሲቀር ፍየል አርብታ ወተት ሸጠች። ታጨሳለች፣ ትሳደባለች። ወንድ ሊለማመጣት ከሞከረ፣ ልክ ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ እንደተቀመጠች፣ «ቀጥሎ ያለው!» ብላ ታሰናብተዋለች።

ኦንዲና ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ዊልኪን ተረቱን ሲያወራ ሁለት ዓመት ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቃትም አትመልስም ነበር።

አንድ የመጋቢት ረፋድ ግን ዊልኪን ታሪኩን አስረዘመው። «ከመስኮቱ ጀርባ ጥላ ይታያችኋል? የወንድሟ ልጅ ናቸው። የሙሽራ ልብሱን እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል።» ሠላሳ ፊት በአንድ ጊዜ ወደሷ ዞረ።

ኦንዲና ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። በቤት ነጠላ ጫማዋ አጥሩ በር ላይ ደረሰች።

«ምን ልብስ? አንተ ልጅ፣ የምን ልብስ ነው ያለኝ?»

ዊልኪን ደነገጠ፤ ግን አስጎብኚ ነውና ፈገግታው አልከዳውም። «ዶኛ ኦንዲና!» አላት በአክብሮት አጠራር፤ «እንደምን አደሩ? ዛሬማ አምሮብዎታል።»

«ማማሩ ይቅርብኝ! አክስቴን ለማን ነው የዳርክብኝ?»

«ለመርከብ አዛዥ እኮ ነው ዶኛ። ለተራ ሰው አልሰጠኋትም።»

ከአጥሩ ማዶ ሙዝ የምትጠብሰው ጎረቤት ሳቋ አመለጣት።

«ቲኬት ቆራጭ ነበረች» አለች ኦንዲና።

«ይኸውልዎት! ቲኬት ቆራጭ ብል ማን ያዝንልኛል? እነዚህ ሰዎች ከመርከብ የወረዱት ለግማሽ ቀን ነው። ተራራው ላይ በኬብል መኪና መውጣት አለ፣ ምሽጉ አለ፣ ገበያው አለ። ለእርስዎ ቤት የምትተርፈኝ ሦስት ደቂቃ ናት። በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ እውነት ካለዎት ይስጡኝና እሱን ልናገር።»

ኦንዲና የአጥሩን በር ከፍታ ወጣች። የእሷ እውነት ሦስት ደቂቃም አይፈጅም፤ ችግሩም እሱ ነበር።

«አሁን ወዴት ነው የምትወስዳቸው?»

«ወደ ምሽጉ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«ዶኛ፣ በዚህ ጫማ?»

«በባዶ እግሬም ቢሆን እመጣለሁ። ቅደም!»

የሳን ፌሊፔ ምሽግ ባሕሩ ዳር ነው፤ ከቤቷ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ኦንዲና ግን በሩን ረግጣ አታውቅም። ተማሪ ሳለች ክፍሉ በሙሉ ሲሄድ ሆዴን አመመኝ አለች። ልጆቿን ከሰው ጋር ላከች፤ የልጅ ልጆቿን እንዲሁ። አሁን በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን ገታች። ዊልኪን ክንዱን ሰጣትና ተደግፋ ገባች።

እሱ ስለ ባሕር ወንበዴዎችና ስለ መድፎቹ ማውራት ጀመረ። እሷ ቡድኑን ትታ፣ በሯ አጭር የሆነች አንዲት ክፍል አይታ ጎንበስ ብላ ገባች። ግድግዳው ያልባል፤ ጨው ጨው ይሸታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች፤ አራት እርምጃ ሆነች። ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ስትወጣ ቱሪስቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ያዩዋታል።

«ዊልኪን፣ የምለውን ንገርልኝ።»

«እሺ፣ ዶኛ።»

«አምባገነኑ ጄኔራል አገሩን በሚገዛበት ዘመን በየቤቱ የነሐስ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር። ‹በዚህ ቤት አዛዡ ጄኔራሉ ነው› ይላል። አክስቴ ኤርሲሊያም ሰቀለችው፤ ጓሮ፣ ሽንት ቤት ውስጥ።»

ዊልኪን ተረጎመ። ጥቂቶች ሳቁ።

«ለዚህ ሦስት ወር እዚህ አሰሯት፤ ምሽጉ ያኔ እስር ቤት ነበር። ስትወጣ የፊት ጥርሶቿ አልነበሩም።»

ሳቁ ቆመ።

«ለአስተማሪዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ‹በእናንተ ቤት ሰሌዳው የት ነው ያለው?› ብላ ስትጠይቀኝ እጄን አውጥቼ፣ እየሳቅሁ ነገርኳት።»

ዊልኪን ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ፣ «እንግዲህ ብዙ ሐዘን ያለበት ቦታ ነው። አሁን ወደ ማማው እንውጣ» አለ።

«አልተረጎምከውም።»

«ዶኛ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስምንት ዓመት እኮ ነው። ሕፃን ነበሩ። ምን ያደርግልዎታል ይሄን ማውራት?»

«ባል ስትጨምርላት አላፈርክም፤ የኔን ለመናገር ነው የምታፍረው? ንገራቸው!»

ነገራቸው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገባውና መልሶ ደፋው። አንዲት ሴትዮ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀች። ኦንዲና ሳቋ ሊመጣ ሲል እንባ ቀደመው፤ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ስትናገረው የሚቀላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም፤ እንዲያውም እግሯ ሂጂ ሂጂ አላት።

በሩን ወጥታ የባሕሩን መንገድ ስትይዝ ዊልኪን ከኋላ ጮኸባት። «ዶኛ! ማክሰኞ ሌላ መርከብ አለ! ምን ልበል?»

«ያልኩህን!»

«ጥርሱንም?»

«ጥርሱንም!»

«የእርስዎንስ?»

ቆመች። ንፋሱ ቀሚሷን ያራግበዋል። «እሱን እኔው እናገራለሁ» አለች። «አንተ እየተረጎምክ።»

ቤት እንደገባች ሳንቲያጎ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለኔሬይዳ ደወለች።

«ተናግሬ መጣሁ።»

«ምኑን?»

«የሰሌዳውን ነገር። ያሳሰርኳት እኔ መሆኔን። ለማያውቁኝ ሰዎች፣ ምሽጉ ውስጥ።»

ከወዲያ በኩል ማንኪያ ድስት ሲነካ ተሰማ። ከዚያ ማንኪያው ቆመ።

«ኔሬይዳ?»

«ታውቅ ነበር» አለች እህቷ። «ኤርሲሊያ ታውቅ ነበር። ሲመረምሯት ነግረዋት ነው። በወጣች በሳምንቷ ለኔ ነገረችኝ።»

«ምን ብላ?»

«‹ትንሿ ማወቄን እንዳትሰማ። ከሰማች ሁለተኛ አፏን አትከፍትም› ብላ አስማለችኝ።»

«ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ! እሷ ከሞተች እንኳ ሠላሳ ዓመት አልፏታል!»

«አስማለችኝ አልኩሽ እኮ!»

«እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ?»

«እኔስ ሰላም ያደርኩ ይመስልሻል? ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ልንገራት እላለሁ፤ ከዚያ ለሙት የማልኩትን ማፍረስ እፈራለሁ።»

ኦንዲና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው። ደረጃውን ወጣች፤ ምን ልታመጣ እንደወጣች ጠፋባትና ወረደች። አክስቷ ከእስር ከወጣች በኋላ ሁልጊዜ ማታ ማታ ፍየሎቹን እያለበች ጠርታ ትጠይቃት ነበር፤ «ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ተናገርሽ?» ኦንዲና ጥያቄውን እንደ አለንጋ ትፈራው ነበር። ምንም አልተናገርኩም ስትላት፣ ኤርሲሊያ ማለቧን ትታ፣ «ምንም ብሎ ነገር የለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» ትላለች፤ እሷም እየተንተባተበች ስለ ሒሳብ፣ ስለ ተጣሉ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ትለፈልፋለች። ያቺ ቁጡ ሴት እስከ መጨረሻው ትሰማታለች። ኦንዲና ዕድሜ ልኳን ምርመራ ነበር የመሰላት። አሁን ምን ትበለው? ማዘን አማራት፣ መናደድም አማራት፤ ለሁለቱም ቤቱ ጠበባት።

በረንዳው ላይ ሦስቴ ከተመላለሰች በኋላ መልሳ ደወለች።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ድስት ጥጃለሁ፣ ኦንዲና። ማታ እደውልልሻለሁ።»

«አውርጂው» አለች ኦንዲና። «አውርጂውና ንገሪኝ።»