ወደ ሂርና የሚሄደው ትራክተር

ከድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ዋራበሌ በሚባለው የመካኒኮች ሰፈር መኪና አሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዓለምሰገድን «ከባድ ነው» ያውቃታል። የተቃጠለ አምፖል ይሁን የሞተር ሆድ ዕቃ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይዞረዋል፤ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ከባድ ነው» ይላል። ከባድ ያልተባለ ሥራ ዋጋ አያወጣም። የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ እሱ ግን ያሳምርበታል። ደንበኞቹም ለምደውታል፤ እስኪለው ይጠብቁና ክርክራቸውን ይጀምራሉ።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ አምባው የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከነፃ የንግድ ቀጠናው ያወጡትን ትንሽ ቀይ ትራክተር በጭነት መኪና አስጭነው ግቢው በር ላይ ቆሙ። ትራክተሩ ቁመቱ ከበሬ ብዙም አይበልጥም። አጠገቡ በካርቶን የታሸገ ዊንች ነበር፤ በባትሪ እየዞረ፣ የብረት ገመዱን እየጠቀለለ ግንድም ሆነ ጭቃ የያዘው መኪና የሚጎትት። ይህ ትራክተሩ ግንባር ላይ እንዲገጠምላቸው ፈልገዋል። መሬታቸው ተዳፋት ስለሆነ፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከገደል ሥር ማውጣት በሬውንም ሰዉንም ጨርሶታል። ዓለምሰገድ ለወጉ ያህል መሬቱ የት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ሂርና» አሉ አቶ አምባው።

ያን ጊዜ መዞሩንም ማጎንበሱንም ረሳው። ውብነሽ ያለችው ሂርና ነው።

ውብነሽ ጋቦዴ ሰፈር የፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ስትኖር ዓርብ ዓርብ ትወጣ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ዓለምሰገድ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብስ ነበር። የባሕሩን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። ሥራ ከበዛበት እዚሁ ግቢው ድረስ ትመጣና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ሲሠራ ታየዋለች፤ «ከባድ ነው» ባለ ቁጥር በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷም ወደ እናቷ ቤት መመለሷ ሆነ። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። ቆማ ጠበቀችው። «አትሂጂ» ቢላት፣ ቢቀር «እመጣለሁ» ቢላት ይበቃት ነበር። እሱ «በሰላም ግቢ» አላት። ለአንድ አምፖል ስንት ቃል የሚደረድር ሰው፣ እዚያ ላይ ምላሱ ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ ናፍቆቷ አላስቀምጥ አለው። ዓርብ ሲመጣ አሁንም ሸሚዙን ይለብሳል፤ ለብሶም የትም አይሄድም። ባቡሩ እንደሆነ አለ፣ ተሳፍሮ መሄድ ይችላል። ግን በምን ፊት? ሳይጠሩት ደጇ ላይ ቆሞ ምን ሊላት ነው? ቁጥሯን ስልኩ ላይ አውጥቶ ሲያየው ይቆይና መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

አሁን የሂርና ሰው ፊቱ ቆሟል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሽማግሌው ሲመለሱ የሚያወሩት ውብነሽ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። እንግዲያው ደግ ነው፣ አላጉላላኝም፣ እጁ ወርቅ ነው ይበሉልኝ ብሎ አሰበ። እና ሥራ ከጀመረ ወዲህ ካፉ ወጥቶ የማያውቀውን ነገር ተናገረ።

«ቀላል ነው ጋሼ።»

አቶ አምባው ደስ ይላቸዋል ብሎ ሲጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ደህና አድርጎ እንዲያየው ለመኑት። አይቼዋለሁ አላቸው። ግራ እንደገባቸው ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ጎረቤቱ በያጁ ሙሐመድኑር ግን ዝም አላለም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ወርያ፣ አሞሃል እንዴ?» አለው። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ቀላል ነው እየተባለ ሊሠራ ነው ወይ ብሎ፣ ግማሹን በሶማሊኛ ግማሹን በአማርኛ ወረደበት። ደግሞስ ድሬዳዋ ያን ሁሉ መካኒክ ይዛ ሽማግሌው እዚህ ለማሠራት ምን አስቸኮላቸው? ዓለምሰገድ ብረቱን ያዝልኝ ብሎ ዘጋው።

ሥራውን ሠራው፤ እንዴት አድርጎ! ወፍራም ላሜራ አስቆርጦ፣ አስበይዶ፣ ከትራክተሩ ግንባር ጋር በቡሎን አጠበቀው። ከካርቶኑ የወጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጭን ሆኖ ስላገኘው ንቆ ወረወረውና ወፍራም አስገባ፤ ከጭስ ማውጫው አርቆ እስከ ባትሪው ወሰደው። አደጋ ቢመጣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ እንዳለ የሚያጠፋበት ማጥፊያ ጨመረለት። ቀትር ላይ ጫት ገባ ሲባል ሙሐመድኑር ጥሎት ሄደ፣ ሰፈሩም ጭር አለ። እሱ ብቻውን የብረት ገመዱን እየወጠረ፣ መስመሩን ሳያስት የዊንቹ ከበሮ ላይ ጠቀለለው። በጓንቱ ውስጥ እያለፈ የሚሄደውን ገመድ ሲያይ፣ ይህ ነገር ሂርና ላይ ይፈታል፤ ምናልባት እሷ በመንገድ ስታልፍ ቆም ብላ ታየው ይሆናል አለ። በብረት ቀና። ብረት በምን ፊት ልሂድ አይልም።

ለሙከራ ግቢው ጀርባ አሸዋ የዋጠውን ሞተር አልባ ኢሱዙ ጎተተበት። ከትራክተሩ ጎማ ፊት ድንጋይ አስደግፎ መንጠቆውን አሰረ፣ ቁልፉን ተጫነ። ዊንቹ አጉረመረመና ኢሱዙዋን ከነአሸዋዋ ነቅሎ አመጣት። አቶ አምባው ኢሱዙዋን አላዩም፤ እሱን ነበር የሚያዩት።

«ልጆቼ ብቻቸውን ይችሉታል? አንድ ሰው መጥቶ ቢያሳያቸው አይሻልም?»

ዓለምሰገድ እኔ ልምጣ ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን ጥቅም ፈላጊ ነው ብለው ለውብነሽ ቢነግሯትስ ብሎ ሰጋ።

«ምን ይቸግራል ጋሼ፣ አንዱ ቁልፍ ይስባል፣ ሌላው ይለቃል። ሕፃንም ይችለዋል» አለ። ብሎም ምላሱን ቢነክሰው ወደደ።

ትራክተሩ ተመልሶ ተጫነ፣ ታሰረ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አቶ አምባው መወጣጫውን ሲረግጡ ግን ዓለምሰገድ አልቻለም፤ ወደ በሩ ሮጠና ሂርና ውስጥ ውብነሽ የምትባል ሴት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። ሽማግሌው እግራቸውን መለሱ።

«እሷ አይደለች እንዴ የላከችኝ። ጎረቤቴ ናት። ድሬዳዋ አያሠሩት፣ ዋራበሌ ዓለምሰገድ ዘንድ ይውሰዱት አለችኝ። ‹ከሂርና መምጣትዎን ይንገሩት። እሱ ሁሉንም ሥራ ከባድ ነው ይላል፤ ይህን ሲልዎት፣ እንግዲያው አብረኸኝ ና፣ እዚያው አሳየን ይበሉት። ለሥራ ከጠሩት እምቢ አይልም። ሂርናን ሰምቶ ቀላል ነው ካለ ግን ቶሎ ሊሸኝዎት ፈልጎ ነውና አይጫኑት፤ ስሜንም አያንሱ።› ደጋግሜ ጠየቅኩህ እኮ፣ ልጄ።»

ዓለምሰገድ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ከባድ ነው አለ ብለው እንዲነግሯት ለመናቸው። አቶ አምባው በዚህ ዕድሜያቸው እንደማይዋሹ ነገሩት፤ ግን አዘኑለት መሰለኝ፣ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላትና ግራሶ በነካው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«አቶ አምባው፣ ምን አለ?» አለች ውብነሽ። ድምጿ ፈጠነ።

ዓለምሰገድ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ቀላል ነው አልኩ» አለ።

ውብነሽ ድምፁን አወቀችው።

«አንቺ ዘንድ ስሜ በደግ እንዲነሳ ብዬ ነው፣ ውብነሽ። ናፍቀሽኝ ነው።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነካ አደረገ።

«ስምህን ምን ላድርገው? አንተን ነው የጠራሁት» አለችው።