በግንቦት የተያዘ ሑዳዴ

አያ ዘውገን ከመንደራቸው ከብልባላ በቃሬዛ ያስመጣቸው የሳንባ ምች ነው። መርሳቱ እንኳ የቆየ ነው፤ እቤታቸው ሳሉ የልጃቸውን ስም ቢስቱም በሩንና በረቱን አይስቱም ነበር። ጤና ጣቢያ ከገቡ ወዲህ ግን «የሰው አልጋ ነው» እያሉ ለመውረድ ይታገላሉ። የባሰው ደግሞ መብሉ ነው።

ወሩ ግንቦት ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል። ለአያ ዘውገ ግን ገና ሑዳዴ ነው። ምሳ በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ እሳቸው «ቅዳሴ አልወጣም» ብለው አፋቸውን ይገጥማሉ፤ ሳህኑ ይነሳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ወጣ?» ብለው ሲጠይቁ ነገሩ የሚገባውም ምግብ የሚሰጣቸውም የለም።

ልጃቸው ፀሐይቱ መርፌውን ጠረጠረች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሙሉሃብት ፀሐይቱን ጠረጠረ፤ በድብቅ ጸበል እያጠጣች ሆዳቸውን የዘጋችው መሰለው። አያ ዘውገ ሁሉንም ጠረጠሩ፤ «እነዚህ ጓዶች ሊያስገድፉኝ ነው» አሉ። ዘመኑን ላየ ሰው ይህ እንኳ የመርሳት ንግግር አይመስልም።

«ጓዲት ፀሐይቱ» አለ ሙሉሃብት፣ «በባዶ ሆድ መድኃኒት አይሠራም። ዛሬም ካልበሉ ነገ ወደ ቤት ትወስጃቸዋለሽ። አልጋው ለሚድን ሰው ይፈለጋል።»

የዚያኑ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከጎናቸው ባለው አልጋ የተኛው አባስ፣ እግሩ የተሰበረ ሸማኔ፣ የአባቷን ሽሮ ሳብ አድርጎ ጋቢው ውስጥ ሲሸሽግ ፀሐይቱ አየችው። ሙሉሃብትን ፍለጋ ወጣች። ስብሰባ ላይ ነበርና በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሲወጣ ዘጠኝ ሊሆን ነው።

«አባቴን የሚያስርባቸው ሌባ ተገኘ» አለችው። «አባስ ነው። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

በመስኮቱ አጮለቁ። አባስ ሳህኑን ከጋቢው አወጣ።

«አያ ዘውገ፣ ቅዳሴ ወጥቷል።»

«ማን አለህ?»

«ከአሸተን ቤተ ክርስቲያን ሰው እየወረደ ነው።»

«አንተ እስላም አይደለህ?»

«ነኝ። እርስዎ ቢገድፉ እኔ ምን አገኛለሁ?»

አያ ዘውገ ይህን ቃል አገላብጠው መረመሩት። እንከን አጡበት። አማተቡና በሉ።

ሙሉሃብት ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ቅዳሴ የተባለውን እኔ አልሰማሁም» አለ። «አልጋው ግን ይቆይላቸው። ሳህኑም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነሳ።»

ፀሐይቱ ገብታ ውሃ ልታቀብላቸው እጇን ዘረጋች። አያ ዘውገ አፋቸውን ገጠሙ።

«ይቺ ማን ናት?» አሉት አባስን።

«ልጅዎ ናት።»

«ከጓዱ ጋር በመስኮት ስትሰልል ነበር።»

አባስ ፀሐይቱን ቀና ብሎ አያት። «እሱስ እውነትዎን ነው» አለ። «ውጪ ትቁም።»

ፀሐይቱ ውሃውን ለአባስ ሰጥታ ወጣች። ከግድግዳው ወዲያ ሆና አባቷ ሲጠጡ ሰማች።