አንድ እጅ የቀረው ሽርጥ

ሽማግሌውን በመጋዘን ዘመናቸው «አባ ቋጠሮ» ይሏቸው ነበር፤ ለነገሩ የእሳቸው ሽርጥ ቋጠሮ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዙሪያውን የተሰፋው ጨርቅ ውስጥ ይገቡና ወደ ላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ትርፉን ወደ ቀኝ ስበው፣ መልሰው በሆዳቸው ላይ ያጥፉታል፤ ከዚያ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጫፉን ወደ ታች ጠቅለል፣ ጠቅለል። አለቀ። በዚያ ጥቅልል ብቻ ኩንታል ተሸክመው ሲሮጡ ይውሉና ማታ፣ ጠዋት እንደለበሱት ይመለሳሉ። ባልንጀሮቻቸው ጫኝና አውራጆች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የአባ ቋጠሮም ሽርጥ ይጨመርበት» እያሉ ይስቁ ነበር።

ዘንድሮ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞባቸው ሄደ። እጥፋቱን ለመያዝ አንድ እጅ፣ ለመጠቅለል ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ እሳቸው የቀራቸው አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጃቸው ሥራ ከመግባቱ በፊት ያለብሳቸዋል። እሱ ደግሞ መሪ እንጂ ሽርጥ የለመደ እጅ የለውም፤ የጠቀለለው ረፋዱ ላይ ይላላል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሽርጡን ጨብጠው ይውላሉ። ምሳ ሲቀርብላቸው «ጠገብኩ» ይላሉ። ማንኪያ ቢይዙ ጨርቁን ማን ይይዝላቸዋል?

ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ የምታየው ሴት ልጃቸው ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋም እዚያው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ነው። የሰፈሩን ሰው ወገብ ሁሉ በሜትር ለክታለች፣ የአባቷ ወገብ ግን አልተፈቀደላትም። «ሴት ልጄማ አታለብሰኝም» ብለው ገና ከሆስፒታል የተመለሱ ቀን ቆርጠዋል። ላጉርስዎትም ብትል ፊታቸውን ያዞራሉ። «በዚሁ ከቀጠሉ እዚሁ ፊታችን በረሃብ ሊሞቱ ነው» ትለዋለች ወንድሟን። እሱም አንገቱን ይደፋል።

መርፌ ቁልፍ ሞከረች፤ በአንድ እጅ አልቆለፍ ብሎ ሆዳቸውን ወጋቸው። ከእጅ አይሻል ዶማ! ቀበቶውም ያው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሱሪማ አይነሳ፤ ያንን የማይታዘዝ እግር ማስገባት ራሱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በመጨረሻ ከልብስ ማስጫው ላይ አንዱን ሽርጥ አወረደችና አፉን አጥፋ ላስቲክ አስገባችበት። እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልኝም ብላ ራሷን ሰደበች።

በማግስቱ ወንድሟ ያንን አልብሷቸው ወጣ። ሽማግሌው ሳሎን መሐል ሲደርሱ ቆሙና ወገባቸውን ዳሰሱ። ጨርቁ ዙሪያውን ተሸብሽቧል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ላስቲክ ነው፣ አባባ። እጅዎን ይልቀቁት፤ አይወርድም።»

«ቀሚስ አለበስሽኝ?»

«ኧረ በሞቴ! ማን ያየዋል? ሸሚዝዎ ይሸፍነዋል።»

«እኔ አየዋለሁ።»

ተመልሰው ክፍላቸው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ሲታገሉ፣ ሲያቃስቱ፣ ከአልጋው ጋር ሲላተሙ ትሰማለች። ማንኳኳት ፈራች። ብዙ ቆይተው ብቅ ሲሉ የድሮ ሽርጣቸውን ለብሰዋል። የሽርጡ ጫፍ በምራቅ ርሷል፤ ለካ በጥርሳቸው ይዘው ነው የጠቀለሉት! ደህናው እጃቸው ምርኩዝ ይዟል። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ልሞቅ ነው» አሉ።

 ልደግፍዎት እንዳትል ከንፈሯን ነከሰች። በሩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥቅልሉ ተፈታ። ሽማግሌው ምርኩዙን ለቀው ሽርጡን ያዙ፣ ወደቁም።

«ዞር በይ!»

ከስፌት መኪናዋ ተስፈንጥራ እንደተነሳች ባለችበት ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ምን ታድርግ?

«ተጎዱ እንዴ፣ አባባ?»

«ምንም አልሆንኩ። እንዳትዞሪ።»

እንደምንም ቁጭ ሲሉ፣ ተረከዛቸው ወለሉን ሲፍቅ ይሰማታል፤ ይሞክራሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይሞክራሉ። ፊቷን ሳታዞር በድምፃቸው እየተመራች ተጠጋችና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«እጄን ይያዙና ይነሱ። ዐይኔን ጨፍኛለሁ፤ እውነቴን ነው።»

እጇን ለመያዝ ሽርጡን መልቀቅ አለባቸው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። የተዘረጋው እጇ ባዶውን ቀረ።

«ወንድምሽ ያነሳኛል» አሉ።

«ማታ ነው እኮ የሚመጣው!»

«እጠብቀዋለሁ።»

አለቀሰች። አንስታ አልጋ ላይ ብታስተኛቸው ትችላለች፤ ጉልበቱ አላት። ከዚያ በኋላ ግን ቀና ብለው ዐይኗን የሚያዩ አልመሰላትም። እንዳታነሳቸውም ሆነ ትታቸው እንዳትሄድ ሆና ቆየች። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደሰጠች ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ ተጠጋቻቸው። ጀርባዋ ጀርባቸውን ነካ። አልከለከሏትም። ቀስ ብለው ተደገፏት፤ ይህን ያህል መቅለላቸውን አላወቀችም ነበር።

«ሥራ የለሽም እንዴ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

ውጭ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ገና ወደ ትምህርት ቤት እየሸኙ ነበር።