እናቷ የማታውቀው ወጥ ቤት

የእናቷ ዓይን ከጠፋ ስድስት ዓመት ቢሆነውም፣ በዚያ ጠባብ አሮጌ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማንም አይቀድማትም ነበር። ጨዉንም ቢላዋውንም እጇ ሳይሳሳት ያገኘዋል፤ የሽንኩርቱን መብሰል ከሽታው ታውቃለች። ልጅቷ ግን «እናቴ በዚህ በጠቆረ ጎሬ እስከ መቼ?» ብላ አናጢ ጠራች። ግድግዳው ፈርሶ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር ተገናኘ፤ መደርደሪያው ተነቅሎ አዲስ ቁም ሳጥን ተገጠመ፤ ምድጃውም ቦታ ለወጠ።

በመጀመሪያው እሁድ እናቷ «ዛሬ ምሳው የኔ ነው» ብላ ገባች። እጇን ወደ ቀድሞው መደርደሪያ ብትዘረጋ አየር ጨበጠች። ዞር ስትል አዲሱ ጠረጴዛ ወገቧን መታት። ከዚያ በቆመችበት ደርቃ ቀረች።

«ልጄ፣ በሩ በየት በኩል ነው?»

«ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ፣ እማዬ» አለቻት፤ ቃሏን ራሷም አላመነችው።

«ቤቱማ አምሯል አሉ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔን ግን ወስደሽ አስቀምጪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከሶፋው አልተነሳችም። ልጅቷ ጨንቋት አናጢውን «እባክህ እንደ ድሮው መልሰው» ብትለው፣ «እንጨቱ ተሰባብሮ ተጥሏል፤ ልኩን ማን ያውቃል?» አላት።

እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ ሁለት እጇን አየር ላይ ዘረጋግታ ለመለካት ሞከረች፣ አጠበበች፣ አሰፋች፤ ከዚያ ጭኗ ላይ ጣለቻቸው።

«እጄ ነበር የሚያውቀው» አለች፤ «እሱም ረሳው።»