ማቅለሽለሹን ያቆመው ጭስ

ኢክላስ ካረገዘች ወዲህ የቀመሰችው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ውሃ እንኳ አይረጋላትም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ክኒን አስታወከችው። ፊቷ ገረጣ፤ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየሾለከ አስቸገራት።

ባሏ ዘይኑ በከሚሴና በደሴ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ጋንጃ ማጨስ ከለመደ ቆይቷል፤ ኢክላስም በዚሁ ስትጣላው ኖራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልዲ አቅፋ ሲያገኛት አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ትንሽ ብትስቢ ያስታግስልሻል» አላት።

«ሀራም ነው። ደግሞ ሆዴ ውስጥ ያለውስ?»

«ቅጠል እኮ ነው። ወላሂ አይጎዳሽም።»

እምቢ አለች። በማግስቱ ግን ቆማ መሄድ ሲያቅታት እጇን ዘረጋች። ሆዷ ተረጋጋ፤ ያን ቀን እንጀራ በላች፣ የበላችውም አልወጣም። ዘይኑ ደስ አለው። ወራት አልፈው ማቅለሽለሹ ቢተዋትም እሷ ጭሱን መተው አልቻለችም። ካልሳበች እህል ይዘጋታል፤ በትንሽ በትልቁ ትበሳጫለች። ለክትትል ስትሄድ አዋላጇ ሱዓድ «የምትወስጂው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የለም» አለች።

ሱዓድ ሆዷን ለክታ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ልጁ በወሩ ልክ አላደገም። ደሴ ሄደሽ ታዪ።»

አልሄደችም። እዚያም እንዲሁ ይጠይቁኛል ብላ ፈራች።

ምጡ ያለ ወሩ መጣ። በአምቡላንስ ደሴ ወስደዋት ሴት ልጅ ወለደች፤ እፍኝ የማትሞላ። ልጅቷን የጨቅላዎች ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ኢክላስን ብቻዋን አግኝቶ ቀስ ብሎ ሲጠይቃት፣ አሁን አልደበቀችም።

«ጭሱ ነው የጎዳት?»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ግን የሳብሽው በደምሽ አልፎ እሷ ጋ ይደርሳል። የልጅን እድገት ሊቀንስ፣ ያለ ጊዜው ሊያስወልድም ይችላል። ለማስታወኩ ሌላ መድኃኒት ነበረን፤ ክኒኑ እየወጣብሽ መሆኑን አልነገርሽንም እንጂ።»

ጤና እንዲሰጣት ብላ ዓፊያ ስትል ስም አወጣችላት። ዓፊያ ግን ሳምንት እንኳ አልሞላትም። ዘይኑ በነጭ ጨርቅ አቅፎ ከሚሴ አምጥቶ ቀበራት።

የኢክላስ እናት ኡምኩልሱም ከጨፋ መጣች። «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ልጄ» አለችና ፀጉሯን ትዳብስ ጀመር። የኢክላስ ጡት አግቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«የሳሚያ አይን ነው» አለች እናቷ። «መካን ሴት ሆድሽን ስታይ ነው የከረመችው።»

ሳሚያ ጎረቤቷ ናት። ኢክላስ ስትታመም ልብሷን ያጠበችላት፣ ውሃ የቀዳችላት እሷ ናት።

«እናቴ፣ ሳሚያ አይደለችም» አለች ኢክላስ። ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ፀጉሯ ላይ የነበረውን እጇን አነሳች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለች። «ባልሽ ይታሰራል። አንቺም ሰው ፊት አትቆሚም።»

«ሳሚያስ?»

«አላህ ያውቅላታል።»

ሳሚያ በአይኗ በላቻት የሚለው ወሬ ግን ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ሳሚያ ለለቅሶ ስትመጣ በሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች መንገድ አልለቀቁላትም።

«ኢክላስን ብቻ ልያት» ስትል ድምጿ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ኢክላስ ከፍራሹ ተነስታ ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ኢክላስ ተመልሳ ተቀመጠች። ሳሚያ ደጅ ጥቂት ቆማ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው ሳሚያን ሲያይ ልጆቹን ይሰበስብ ጀመር። ብዙም ሳትቆይ ባቲ ያሉ ዘመዶቿ ጋ ልትኖር ቤቱን ለቀቀች። እቃዋ ባጃጅ ላይ ሲጫን ኢክላስ በመስኮት አየቻትና መጋረጃውን ዘጋች።