የዶሮዎቹ መድኃኒት

ሐኪሙ ሁሉንም ጠይቆ እማማ ረሂማን አለፋቸው። ልጅቱ ምን በላች ብሎ አባቷን ጠየቀ፣ እናቷን ጠየቀ፤ እሳቸውን ግን ግድግዳ ሥር እንደተጣለ ጆንያ አየት አድርጎ ዞረ። የልጅ ልጃቸውን ኢስራን ያጎረሱት እሳቸው ሆነው ሳለ።

«እኔ አፍ የለኝም ወይ?» አሉት። «ሰላጣ ነው የበላችው። በቅጡ አጥቤ፣ ሎሚ ጨምቄ ነው የሰጠኋት።»

«መታጠቡ ሁልጊዜ አይበቃም፣ እማማ። ሎሚም ጀርሙን አይገድለውም።»

«ሰኞ ገበያ ሰላጣ ስሸጥ አንተ አልተወለድክም። የኔን በልቶ የሞተ የለም።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ አፋቸው ላይ መረራቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ኢስራ ታቃስታለች። ተቅማጧ ደም ቀላቅሏል፣ ትኩሳቷ አልበርድ ብሏል። የመጀመሪያው መርፌ የውኃ ያህል እንኳ አልሠራላትም።

«ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» አለ ሐኪሙ። «የትኛው እንደሚያሸንፈው ላቦራቶሪው እስኪነግረን ሌላ እንሞክራለን። ለእሷም ሆነ ለከብት፣ ለዶሮ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሰጣችሁት መድኃኒት አለ? ጀርሙ የሚላመደው እንዲያ ሲሰጥ ነው።»

«ወላሂ የለም» አለች እናቷ ሀናን።

አባቷ ኑርሁሴን አንገቱን ደፋ። ጫማውን ያያል። እማማ ረሂማ የልጃቸውን አንገት ያውቁታል፤ ድሮ እንስራ ሰብሮ የደፋው አንገት ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ጓሮው ፊታቸው ድቅን አለ። አንዲት ዶሮ ስታንቀላፋ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን የሰው እንክብል ፈልቅቆ፣ ዱቄቱን ለታመመችውም ላልታመመችውም መጠጫው ውስጥ ይበጠብጣል። ኩሱን ደግሞ ትኩሱን ዝቆ ሰላጣው ሥር ይበትነዋል። ያንን ሰላጣ ነው እሳቸው የሚሸጡት። ያንን ነው ያጎረሷት።

ሐኪሙ ሊወጣ ሲል ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋደሙ።

«ኑርሁሴን።»

«እማ፣ ቆይ፣ በኋላ...»

«በኋላ ማን ይኖራል? ገዢ ይሸሸኛል ብለህ ነው? ይሽሽ። አንተ ዶሮ አካሚ፣ የምትበጠብጠውን መድኃኒት ስሙን ለሐኪሙ ንገረው፤ አሁን፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ ውረድና የመደቡን ሰላጣ ከነሥሩ ነቅለህ ቅበረው። አንዲት ቅጠል ሰኞ ገበያ እንዳላይ።»