ጭን 66

ጠጅቱ የባሏን ሱሪ ስፌት ማሽኑ ላይ ዘርግታ ከጭኑ በኩል የተረፈውን ጨርቅ ልትቆርጥ መቀሱን አንስታለች። ዳኜ አይሱዙ ሲነዳ የሚለብሰው ካኪ ሱሪ ነው። ከተጂ ከተማ ጤፍ እየጫነ አዲስ አበባ ሲመላለስ ሃያ ዓመት ኖሯል። ጥቅምት ላይ ስትሮክ ግራ ጎኑን መታውና መኪናው ሰበታ ግቢያቸው ውስጥ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሱሪውን ስታጠብበው ይህ ሦስተኛዋ ነው። እስካሁን ትርፉን ወደ ውስጥ እያጠፈች ትሰፋው ነበር። ዛሬ ግን ሦስተኛውን ስፌት ከጨረሰች በኋላ ትርፉ ከእንግዲህ አይፈለግም ብላ ልትቆርጠው ነው። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲሸኛቸው "ውፍረት ይቀንስ" ብሎ ነበር፤ እሷም አጥሚት፣ ቀጭን ሽሮና ጎመን እያበላች ቀነሰችው። ጎረቤት "ሸንቀጥ አለ፣ አማረበት" ሲላት እንደ ራሷ ሙያ ትኮራበታለች። ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳኜ አምስት ወር ሙሉ ያለ ምርኩዝ አልቆመም።

በሩ ተንኳኳና መኪያ ገባች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቡራዩ እየመጣች እግሩን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ናት።

"አካም ጂርታ፣ ዶክተር?" ብሎ ዳኜ ከአልጋው ጫፍ ሆኖ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት። ዶክተር እንዳልሆነች ብዙ ጊዜ ነግራዋለች።

"ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ያለ ምርኩዝ እንሞክራለን።"

ተነሳ። ግራ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠና መልሶ አስቀመጠው። መኪያ ጎንበስ ብላ ጭኑን በእጇ ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው።

"እትዬ ጠጅቱ፣ እስቲ ሜትሩን ያውሱኝ።"

ለካች። "ጭን ሃምሳ አራት። ወገብ መቶ ዘጠኝ።"

ጠጅቱ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ገለጠች። ባሏም እንደ ደንበኛ ሰፍሯል። ካቻምና ወገቡ 112፣ ጭኑ 66 ነበር። ከወገቡ ሦስት ሴንቲ፣ ከጭኑ አሥራ ሁለት ሄዷል። ሦስት ጊዜ ያጠበበችው እግር እግሩን ነው፤ ወገቡን አንዴም አልነካችውም። ሠላሳ ዓመት ሰው ስትለካ የኖረች ሴት ይህን ሳታይ ቀረች።

"ሐኪሙ ይቀንስ ያለው ስቡን ነበር" አለች መኪያ። "ስቡ ወገባቸው ላይ ቁጭ ብሏል። የሄደው ጡንቻው ነው። የተመታ እግር ካልተንቀሳቀሰም ካልተመገበም ይሟሽሻል። ጡንቻ ከሌለ እኔ ምኑን ላሠራ? እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይበላሉ?"

"ሁዳዴ ነው እኮ" አለ ዳኜ። "ከዚያ በፊትም የነቢያት ጾም ነበር። አንቺስ ረመዳንን ትጾሚ የለ?"

"ስታመም አልጾምም፣ ጋሼ።"

"አንቺ ታድለሻል። እኔን ማን ፈቅዶልኝ?" ብሎ ሳቀ።

ጠጅቱ አልሳቀችም። መኪያ አሠርታው እስክትሄድ ድረስ ደብተሩን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"የነፍስ አባትህ አባ ኪዳነወልድ ፈቅደውልህ ነበር" አለችው። "ሆስፒታል ሊጠይቁህ የመጡ ቀን፣ አንተ መናገር አቅቶህ ሳለ፣ 'እስኪድን ድረስ የቀረበለትን ይብላ' ብለውኝ ነበር።"

"እና?"

"ደበቅኩህ። ጾሙ ያከሳዋል ብዬ። በከሳህ ቁጥር የዳንክ ይመስለኝ ነበር። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው፣ ዳኜ።"

ዳኜ በመስኮቱ አሻግሮ አይሱዙውን አየ። ጎማው ሥር ሣር በቅሏል።

"የመኪና ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ።"

ቢሰድባት ይቀላት ነበር። ጓዳ ገብታ ሁለት እንቁላል ቀቀለች፤ ከጨው ጋር በሳህን አድርጋ አጠገቡ አኖረችለት። ዳኜ ሳህኑን ቆይቶ ቆይቶ አየው፤ አማተበ፤ አንዱን እንቁላል በደህና እጁ ይዞ አልጋው ብረት ላይ ገጨት አደረገው።

"ነገ አባን ጥሪያቸው" አለ። "ከራሳቸው አፍ ልስማው።"

"እጠራቸዋለሁ።"

ወደ ማሽኑ ተመለሰች። መቀሱን መሳቢያው ውስጥ ከተተችና ምላጭ አወጣች። መጀመሪያ ሦስተኛውን ስፌት ተረተረች፤ ቀጥላ ሁለተኛውን፤ ከዚያ የመጀመሪያውን።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ዳኜ አፉ እንደሞላ። "ይሰፋኛል እኮ።"

"ይስፋህ" አለችው፤ የተረተረችውንም እግር በሜትር ለክታ ስድሳ ስድስት መሆኑን አየች።